የልብስ ሳሙና ወጪን መቀነስ፦ ቤት ውስጥ የቱ ይሠራል፣ የቱ ይገዛል

ልጅ ባለበት ቤት ዱቄት ሳሙና አይበረክትም። ዩኒፎርም፣ የአልጋ ልብስ፣ ወጥ የተደፋበት የምሳ ቦርሳ፣ ኳስ ሜዳ የዋለ ሱሪ፤ ሁሉም በየሳምንቱ ተመልሶ ሳፋ ውስጥ ይገባል። የሳሙናው ዋጋ ደግሞ መውጣት እንጂ መውረድ አያውቅም። “ለምን ቤት ውስጥ አልሠራውም?” ያላለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ኢንተርኔቱም በቪዲዮ ተጥለቅልቋል። አንዱ ኮስቲክ ሶዳ ያሟሟል፣ ሌላው ሰልፎኒክ አሲድ በባልዲ ያማስላል።

በኔ አስተያየት ሁሉን ነገር ቤት ውስጥ መሥራት አያዋጣም። ሥራ ውሎ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት አምጥቶ፣ እራት አቅርቦ ለሚተኛ ሰው የሚያዋጡት ጥቂት ነገሮች ናቸው። ከደረቅ ሳሙና የሚሠራ ፈሳሽ፣ ቴክሳፖን ከሚባል አረፋ ሰጪ ኬሚካል የሚሠራ ላርጎ፣ ከዚያ ደግሞ እድፍ የማስለቀቅ ዘዴ። ሌላው ወይ ጊዜ ይበላል ወይ አደጋ አለው። በተለይ ኮስቲክ ሶዳና ሰልፎኒክ አሲድ ሕፃን የሚሯሯጥበት ኩሽና ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ኮስቲክ ሶዳ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፣ ውሃ ውስጥ ሲገባም ያለ እሳት ይግላል። የሚተርፈው ብር ለዚህ ሁሉ ስጋት አያበቃም።

ከደረቅ ሳሙና ፈሳሽ መሥራት

በደረቅ ሳሙና ማጠብ ድሮም ርካሽ ነው። ኪስ የሚጎዳው ብክነቱ ነው። ሳሙናው ሳፋ ውስጥ ተረስቶ ይሟሟል፣ መሬት ላይ ተቀምጦ ይላቁጣል፣ መጨረሻ ላይ የምትቀረው ስስ ቁራጭም ትጣላለች። ፈሳሽ ሲሆን ግን ተለክቶ ይገባል፣ ቁርጥራጩም አይጣልም። አንድ ማሰሮ ወይም የጃም ብርጭቆ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አስቀምጡና ቁርጥራጩን እዚያ አጠራቅሙ።

የሚያስፈልገው ይኸው ነው፦ 250 ግራም ደረቅ የልብስ ሳሙና ወይም የተጠራቀመ ቁርጥራጭ፣ 100 ግራም ሶዳ አሽ (ኮስቲክ ሶዳ አይደለም፤ ከታች እመለስበታለሁ)፣ 4 ሊትር ውሃ፣ መፈቅፈቂያ፣ የእንጨት ማማሰያ እና አሮጌ ድስት። ድስቱ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን። አሉሚኒየም ከሆነ ሶዳው ያጠቁረዋል።

1. ሳሙናውን በመፈቅፈቂያው ሰፊ ቀዳዳ በኩል ፈቅፍቁ። ገና ከሱቅ የመጣ ለስላሳ ሳሙና ብረቱ ላይ ይጣበቃል። ከላስቲኩ አውጥታችሁ ጥቂት ቀን አየር ላይ ካቆያችሁት ይደርቅና በቀላሉ ይፈቀፈቃል። ይህ ሥራ ቴሌቪዥን እያዩ የሚሠራ ነው፤ ከፍ ያለ ልጅም ሊያግዝ ይችላል።

2. አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ድስቱ ውስጥ አሙቁ። እንፋሎት ማውጣት ሲጀምር እሳቱን ቀንሱና የተፈቀፈቀውን እፍኝ በእፍኝ ጨምሩ። በቀስታ አማስሉ። እንዳይፈላ፤ ከፈላ እንደ ወተት ገንፍሎ ምድጃውን ያለብሰዋል። መጀመሪያ ነጭ ፍርፋሪው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ቀስ በቀስ ፈሳሹ ወፈር ይላል፣ ፍርፋሪውም ይጠፋል። ማማሰያውን ከፍ አድርጋችሁ እዩት። ነጭ ነገር ካልተጣበቀበት ሟሟል ማለት ነው።

3. ሶዳውን ለብቻው በግማሽ ሊትር ሞቅ ያለ ውሃ አሟሙ። ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያደርቃል። ከዚያ ድስቱ ውስጥ እያማሰላችሁ ጨምሩት።

4. እሳቱን አጥፉ። የቀረውን ሁለት ሊትር ውሃ ለብ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ቀዝቃዛ ውሃ ባንዴ ከገባበት ይጓጉላል።

5. ክዳኑን ገርበብ አድርጋችሁ ልጅ በማይደርስበት ቦታ አሳድሩት። ጠዋት እንደ እርጎ ረግቶ ታገኙታላችሁ። አልተበላሸም፣ ጠባዩ ነው። በማማሰያ ወይም በእንቁላል መምቻ ምቱት። ከጠነከረባችሁ ግማሽ ሊትር ሙቅ ውሃ ጨምሩበት።

6. አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ውስጥ ገልብጡት። አፈ ጠባብ ጀሪካን ውስጥ ከገባ ሲረጋ አይወጣም።

አሁን ወደ ልኩ። 15 ሊትር ገደማ ውሃ ለያዘ ሳፋ አንድ ሙሉ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ልብሱን ከመዘፍዘፋችሁ በፊት ፈሳሹን ሞቅ ባለ ውሃ በጥብጡት። 4 ሊትሩ 16 ሳፋ ያጥባል። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው። የሳሙናውንና የሶዳውን ዋጋ ደምራችሁ ለ16 አካፍሉ። ከዚያ አንድ እሽግ ኦሞ እናንተ ቤት ስንት ሳፋ እንደሚያጥብ ቆጥራችሁ አወዳድሩ። ልዩነቱ ሳንቲም ከሆነ ተዉት፣ ቅዳሜ ማታችሁን አርፋችሁ አሳልፉ። እኔ ይህን ስሌት ሳያደርጉ ሥራ የሚጀምሩ ሰዎች ይገርሙኛል።

ሶዳ አሽ የኬሚካል ሱቆች ይሸጡታል። ሳሙና ሠሪዎችና ጠርሙስ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት፣ ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት የኖረው ነጭ ዱቄት ነው። ቅባት የሚያላቅቀውና ውሃውን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ካጣችሁ ከቤኪንግ ሶዳ መሥራት ይቻላል። ቤኪንግ ሶዳውን አሉሚኒየም ባልሆነ የመጋገሪያ ትሪ ላይ ስስ አድርጋችሁ አሰራጩና 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ሙቀቱ ውሃውንና ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያስወጣዋል። በዚህ ምክንያት 100 ግራም የገባው ሲወጣ 63 ግራም ገደማ ይሆናል። ሲነኩት የነበረው ልስላሴ ጠፍቶ ሻካራ ከሆነ ተለውጧል። ግን ቤኪንግ ሶዳ በትንንሽ ፓኮ ሲገዛ ውድ ነው፣ የኦቨኑም መብራት አለ። ሶዳ አሽ በኪሎ ማግኘት የሚችል ሰው በዚህ መንገድ ባይደክም ይመረጣል።

ውሃችሁን ፈትኑ

ይህ ፈሳሽ ሁሉም ሰፈር እኩል አይሠራም። ሳሙና ካልሲየምና ማግኒዚየም የበዛበትን ውሃ አይወድም። አረፋ በመሥራት ፈንታ ግራጫ ዝቃጭ ይሆንና ልብሱ ላይ ይቀመጣል፤ ነጩ ሸሚዝ እያደር ይደበዝዛል፣ ፎጣው ይደርቃል።

ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ክዳን ያለው ንጹሕ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ በቧንቧችሁ ውሃ ሙሉ። ጥቂት የሳሙና ፍቅፋቂ ጨምሩና በደንብ ነቅንቁ። አረፋው ሞልቶ ከቆመና ከሥሩ ያለው ውሃ ከጠራ ውሃችሁ ለስላሳ ነው፣ ቀጥሉ። አረፋው ትንሽ ሆኖ ውሃው ከደፈረሰ ጠንካራ ነው። የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀሙ ሰፈሮች ይህ ሊገጥማቸው ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ቀጣዩ ይሻላችኋል።

ላርጎ ከቴክሳፖን

ቴክሳፖን የንግድ ስም ነው። ነገሩ ሶዲየም ሎሬት ሰልፌት የሚባል፣ ወፍራም ማር የመሰለ አረፋ ሰጪ ነው። ሻምፑ ውስጥም አለ። በጠንካራ ውሃም ዝቃጭ አይሠራም። መርካቶ የኬሚካል ሱቆች በኪሎ ይሸጡታል። ስትገዙ 70 በመቶ መሆኑን ጠይቁ፤ ቀድሞ በውሃ የቀጠነም ይሸጣል፣ እሱ ከሆነ ከታች ያለው ልክ አይሠራላችሁም።

አንድ ኪሎ ቴክሳፖን ባልዲ ውስጥ አድርጉ። 8 ሊትር ውሃ ቀድማችሁ አፍልታችሁ ለብ እስኪል አቀዝቅዙ። ውሃውን ባንዴ አትድፉበት። መጀመሪያ አንድ ሊትር ብቻ ጨምሩና በማማሰያ በአንድ አቅጣጫ ቀስ እያላችሁ አዋሕዱ፤ ከዚያ ሌላ ሊትር፣ እንደገና ሌላ። የሚቸኩል ሰው ባልዲ ሙሉ አረፋ ነው የሚያተርፈው። የማይሟሟ የረጋ ነገር ቢቀር አትታገሉት፣ ሌሊቱን ራሱ ይሟሟል።

በማግስቱ 200 ግራም የገበታ ጨው በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሙና ጥቂት በጥቂት ጨምሩ። ውሃ የመሰለው ነገር ዓይናችሁ እያየ ይወፍራል። የፈለጋችሁት ውፍረት ላይ ሲደርስ አቁሙ፣ ጨው ቢተርፍም ይትረፍ። ልኩን ካለፈ ተመልሶ ይቀጥንና ይደፈርሳል፤ ያኔ ጨው መጨመር ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። ሽቶና ቀለም ለገበያ ነው። ለቤት ከሆነ አያስፈልግም፣ የሕፃን ልብስ የምታጥቡበት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትጨምሩ። እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚጨምሩ አሉ። እኔ አልመክርም። በወር ውስጥ የሚያልቅ መጠን መሥራት ይበቃል። ቤተሰባችሁ ትንሽ ከሆነ ሁሉን ለግማሽ ክፈሉት፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተካፍላችሁ ሥሩ።

ለአንድ ሳፋ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨምሩ። ዕቃም ያጥባል። አረፋ የበዛ እንደሆነ ግን ማለቅለቂያ ውሃ ያስጨርሳችኋል፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ወጪ ነው።

አውቶማቲክ ማሽን ያላችሁ፣ ከላይ ያሉት ሁለቱም ለናንተ አይደሉም። የደረቅ ሳሙናው ፈሳሽ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ስለማይሟሟ የማሽኑ ቱቦና ከበሮ ውስጥ ይጋገራል። ቴክሳፖኑ ደግሞ ከፊት የሚከፈተውን ማሽን በአረፋ ያፍነዋል። ለማሽን የተሠራ፣ አረፋው ትንሽ የሆነ ዱቄት ግዙና እሽጉ ላይ ከተጻፈው ልክ አታሳልፉ። ብዙ ቤት ብር የሚፈሰው በልኩ ማነስ አይደለም፣ በእጅ በመዝገን ነው።

እድፍ ላይ ነው ገንዘቡ

ዩኒፎርም የሚጣለው አርጅቶ አይደለም፣ እድፉ አልለቅ ብሎ ነው። ከሳሙናው ዋጋ ይልቅ እዚህ ላይ የሚተርፈው ይበልጣል። አንድ ነገር ለሁሉም ይሠራል፦ እድፉ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ካውያ አታስነኩት። ሙቀት ያስረዋል።

ቅቤና ዘይት የነካው ልብስ ውሃ አይቅደመው። ትርፍ ቅባቱን በሶፍት ተጭናችሁ አንሱ፣ ዱቄት ነስንሳችሁ ትንሽ አቆዩና አራግፉ። ከዚያ የሠራችሁትን ላርጎ ሳይበጠበጥ በቀጥታ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በሞቀ ውሃ ይታሽ። የቀይ ወጥ እድፍም በዚሁ መንገድ ነው የሚጀመረው፤ በርበሬው የተያዘው በዘይቱ ነውና ዘይቱ ሲለቅ አብሮ ይወጣል። የሚቀረውን ሐመር ብርቱካንማ ጥላ ፀሐይ ታነሳዋለች።

እርድ ለብቻው ይታይ። አልጫ የተደፋበት ነጭ ሸሚዝ ላይ ሳሙና ስትቀቡ ቢጫው ድንገት ቀይ ይሆናል። አትደንግጡ። የእርድ ቀለም ሳሙናና ሶዳ ሲነካው ይቀላል፣ ሲለቀለቅ ወደ ቢጫው ይመለሳል። ይህ ቀለም ብርሃን አይችልም። አጥባችሁ ገና እርጥብ ሳለ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙራችሁ አስጡት። ካልለቀቀ አርጥባችሁ በማግስቱ ድገሙት።

ደም፣ ወተት፣ እንቁላል በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ይጀመር። ሙቅ ውሃ ያበስላቸውና ከክሩ ጋር ይጣበቃሉ።

እስክሪብቶ ለትምህርት ቤት ሸሚዝ ጠላት ነው። ከእድፉ ሥር የታጠፈ አሮጌ ጨርቅ አድርጉ። አልኮል ወይም የእጅ ሳኒታይዘር ጥጥ ላይ አድርጋችሁ ንኩት፣ አትሹት፤ ካሻችሁት ይሰፋል። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል። ጨርቁን ንጹሕ ቦታው ላይ እያዛወራችሁ ቀጥሉ። ከዚያ እንደ ወትሮው ይታጠብ። አልኮሉ እሳት አጠገብ አይቅረብ።

ጭቃ እርጥብ ሆኖ አይነካ። ይድረቅ፣ በብሩሽ ይራገፍ፣ ከዚያ ውሃ።

ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ነጠላ ላይ ጧፍ ወይም ሻማ ቢንጠባጠብ መጀመሪያ እንዲጠነክር ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት። በቢላ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ፈቅፍቁ፣ የነጠላ ክር ስስ ነውና አትጎትቱ። የቀረውን ከላይና ከታች ንጹሕ ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተጫኑት። ወረቀቱ ሰሙን ይመጠዋል፤ ሲሞላ ቀይሩት። ሶፍትም ይሆናል፣ ጋዜጣ ግን ቀለሙን ያትማል። ካውያ አታስነኩ ያልኩት እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሳል። መጨረሻ ላይ ላርጎ ቀብታችሁ እጠቡት።

ማለቅለቂያው ላይ አቼቶ

የልብስ ማለስለሻ መግዛት ካቆምኩ ቆየሁ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ 10 ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ነጭ አቼቶ ይበቃል። ሳሙናና ሶዳ ልብሱ ላይ የሚያስቀሩትን ያነሳል፤ ፎጣው ለስለስ ይላል፣ ሽታውም ሲደርቅ ይጠፋል። ቆዳው ቶሎ ለሚቆጣ ሕፃን ልብስም ጥሩ ነው።

አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅሉ የሚለውን ምክር አትስሙ። አረፋ ይደፍቃል፣ ይንፈቀፈቃል፣ ከዚያ የሚቀረው ውሃና ትንሽ ጨው ነው። አንዱ የሌላውን ጉልበት ይገድላል።

አቼቶና በረኪና ደግሞ ፈጽሞ አንድ ሳፋ ውስጥ አይገናኙ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድና አሞኒያ ያለበት ነገርም ከበረኪና ጋር እንዲሁ ናቸው። በረኪና የተጠቀማችሁ ቀን አቼቶውን ተዉት።

ለነጠላና ለጋቢ እንዶድ

እንዶድ የገጠር ዘመዶች ያሉት ሰው በቀላሉ ያገኛል፣ አንዳንድ ገበያ ላይም ይሸጣል። ፍሬው ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር ስላለው ውሃ ውስጥ እንደ ሳሙና ያረፋል፤ እናቶቻችን ነጭ ሸማ ያጠቡበት የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። የደረቀውን ፍሬ አፍንጫና አፋችሁን ሸፍናችሁ ውቀጡ፣ ዱቄቱ ያስነጥሳል፣ ዓይንም ይቆጠቁጣል። አንድ እፍኝ በለብታ ውሃ ዘፍዝፉ፣ አሹት፣ በጨርቅ አጥልሉት። ያረፋውን ውሃ ሳፋው ላይ ጨምሩ። ጥለት ላለው ልብስ ግን አስቀድማችሁ ፈትኑ፦ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ተጫኑ፤ ቀለም ከወጣ ጥለቱን በውጭ አድርጋችሁ ነጩን ብቻ እጠቡ።

የታጠበበትን ውሃ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አትድፉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ከዚያ የተጀመረው ምርምር እንዶድን ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለመቆጣጠር አስጠናው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሸልሟቸዋል። እንዶድ ቀንድ አውጣ ብቻ ሳይሆን ዓሣም ይገድላል። ሰው ቢውጠውም መርዝ ነው።

አቀማመጥ

የሠራችሁትን ፈሳሽ በሃይላንድ ውሃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አትሙሉ። ልጅ የሚያውቀው የሚጠጣ ነገር መሆኑን ነው። ላርጎው የዘይት ጀሪካን ወይም የድሮ ላርጎ ዕቃ ውስጥ፣ የደረቅ ሳሙናው ፈሳሽ ደግሞ አፉ ሰፊ የሆነ ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ምን እንደሆነና የተሠራበትን ቀን በትልቁ ጻፉበት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አስቀምጡ። መለኪያ ብርጭቆውን በገመድ ከዕቃው ጋር እሰሩት። ተመላላሽ ልብስ አጣቢ ካለቻችሁ ልኩን አሳዩዋት፤ አዲስ ነገር ስለሆነ አረፋ እስኪያምራት ብትጨምርበት አይፈረድባትም።

ልጅ ከጠጣው እንዲያስመልስ አታስገድዱት፣ አረፋው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። ዕቃውን ይዛችሁ፣ ውስጡ ምን ምን እንደገባ እየነገራችሁ፣ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።